የእኛ ቤት «ቫኬሽን»፦ ስለት፣ ባቡር እና የአክስቴ ግቢ

ባለፈው ሳምንት ስለ ምድር ባቡር ታሪክ እያስተማርኩ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ድሮ ሰው ለመዝናናት ይጓዝ ነበር ወይስ ቫኬሽን የመጣው አሁን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» ብዬ አለፍኩት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። መልሱን ለእሱም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከቤተ መንግሥት ልጀምር። አዲስ አበባ እንዴት እንደተቆረቆረች የቀድሞ ተማሪዎቼ አትረሱትም (ከረሳችሁ ማርካችሁን እመልሳለሁ)። የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ብርድ ነው፤ ስለዚህ መኳንንቱ ገላቸውን ለመታጠብ ወደ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራላቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዋና ከተማችን ከአንድ የፍል ውኃ ሽርሽር ተወለደች ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ተራው ሕዝብስ? እሱም ይጓዝ ነበር፤ ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። «ዝም ብዬ ልዞር ነው» የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም ነበር። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ዘመድ ጥየቃ ሲሆን መንገዱ ይከፈታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለት አለ። ሙስሊሙ ወገናችን ባሌ ድረስ ወደ ሼህ ሁሴን ይጓዛል፣ ክርስቲያኑ ወደ ግሸን፣ ወደ ቁልቢ። ቁልቢ ገብርኤል ራሱ የስለት ልጅ ነው ይባላል። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከድሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይተማል። ልጅ ያገኘች ሕፃኗን አዝላ፣ ሌላው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሌላው ጃንጥላና ሻማ ይዞ።

ይህን መንገድ ያሳጠረው ባቡር ነው። የሥራው ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ መውጣት አልቻለም፤ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ ማለት እንግዲህ ባቡር ዳገት አቅቶት የወለዳት ከተማ ናት! በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከሚጠሩበት «ላ ጋር» የመጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልግባ። ያደግኩት ናዝሬት ነው፣ የዛሬዋ አዳማ። ሕፃን ሳለሁ በጠና ታምሜ ስለነበር እማዬ ለቁልቢ ተሳለችልኝ። ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ስላለ የምንሄደው የሐምሌውን ነበር። አባዬ የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ያስቀምጣል። በመኪና መንገዱ ቀጥታ ነው፣ ቁልቢ እዚያው አስፋልቱ ላይ ናት። ግን እማዬን የጨርጨር ጠመዝማዛ ያስመልሳታል። ስለዚህ በባቡር ድሬዳዋ፣ አክስቴ ቤት አርፈን፣ ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ቁልቢ።

አመሻሽ ላይ እንሳፈራለን፣ ያውም ባቡሩ ካልዘገየ። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና ቅቅል እንቁላል ነው። መተሐራ፣ አዋሽ፣ መኢሶ፣ አፍደም... በየጣቢያው ሻጮች በመስኮት ሻይና ፍራፍሬ ያቀብላሉ። አባዬ ጣቢያዎቹን በቃል ያስጠናኝ ነበር፤ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ አስተማሪዬ እሱ ነው። ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ሽቦ አልጋ ዘርግተን ሰማይ እያየን እንተኛለን። በማግስቱ ቁልቢ ላይ በሐምሌ ብርድና ጭጋግ እንንቀጠቀጣለን። ስንመለስ ደግሞ የታይዋን ሰፈር ብርድ ልብስና ቴርሞስ አለ። ፈታሾች ሲመጡ እማዬ ብርድ ልብሱ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ የታመመች ትመስላለች። ከስለት መልስ እንዲህ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም ጠይቄያት ተቆጥታኛለች።

2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ እና ድሬዳዋ ባቡር ቆመ። እኔ ያኔ ዲፕሎማዬን ልጨርስ ነበር። እማዬ ደግሞ «ልጄ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተስላለች። ተመረቅኩ፣ ሥራም ያዝኩ። ጃንጥላው ተገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በመኪና እንሂድ ስንላት «ባቡሩ ሲጀምር» ትላለች። ባቡሩ ሳይጀምር በ2006 ዓ.ም. አረፈች።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። ኑሮ ነው፣ ታውቁታላችሁ። አምና ሐምሌ አባዬን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ተሳፈርኩ። ጃንጥላው አባዬ ጭን ላይ ነበር። አዲሱ ባቡር ፈጣን ነው፣ እንደ ድሮው በየጣቢያው እየቆመ አይገበያይም። አባዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የድሮውን ሐዲድ ሲፈልግ ዋለ። ባየው ቁጥር «ያውና!» ይላል፣ ልጆቼም እየተከተሉ «ያውና!»

ቁልቢ ደርሰን ጃንጥላውን አስገባን። አባዬ ዓይኑን ጠርጎ «በቃ፣ ዕዳዋ ተከፈለ» አለ። ትልቁ ልጄ ወዲያው «እና ከእንግዲህ አንመጣም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ትንሽ ዝም ብሎ «የአክስታችሁ ቤት አለ አይደል እንዴ! እሷን መጠየቅ የለብንም?» አለ። ምክንያት ተገኘ።

እና ተማሪዬ፣ መልሴ ይኸው። አዎ፣ ድሮም ሰው ይዝናና ነበር። ስሙን ግን ስለት፣ ንግሥ፣ ዘመድ ጥየቃ ይለዋል። ታዲያ ይህ ልማድ በእምነት ብቻ አልቆመም፤ አቅሙ የሚፈቅደው መጓጓዣም ያስፈልገው ነበር። የባቡር መቆም በመጽሐፋችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፣ በእኛ ቤት ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጃንጥላ ነው።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ ትላልቆቹም አትቀሩም። ዛሬ ማታ እናት አባታችሁን «ልጅ ሳላችሁ ወዴት ትጓዙ ነበር? በምን? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁና ከታች ጻፉልኝ። የድሮ የባቡር ቲኬት ያስቀመጠ ካለ ፎቶውን ይለጥፍልን። እኔ እማዬን ሳልጠይቃት የቀረሁት ብዙ ነገር አለ፣ እናንተ አትዘግዩ።