የሚያውቁትን ፊት መለየት፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ዓይን በደኅና እያየ የቅርብ ሰውን ፊት መለየት ሊሳን ይችላል። ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1947 «ፕሮሶፓግኖሲያ» ሲል ሰየመው። ከገለጻቸው ሕሙማን አንዱ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣቱ ቤተሰቡንም ሆነ በመስታወት የሚያየውን የራሱን ፊት መለየት ቢያቅተውም፣ ሰዎችን በድምፃቸውና በአረማመዳቸው ያውቅ ነበር። ትዝታው አልጠፋም፤ ከፊት ተነሥቶ ወደ ትዝታ የሚያደርሰው መንገድ ግን ተቋርጦ ነበር።

ይህ መንገድ በየትኞቹ ሴሎች እንደሚያልፍ ለረጅም ጊዜ በመላ ምት ብቻ ይነገር ነበር። ፖላንዳዊው የርዚ ኮኖርስኪ በ1967 የታወቁ ነገሮችን ለይተው የሚወክሉ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ ገመተ። በ1969 ገደማ አሜሪካዊው ጄሮም ሌትቪን ለተማሪዎቹ በቀልድ መልክ ካቀረበው ትረካ በኋላ ሐሳቡ «የሴት አያት ሴል» የሚል ስም ወጣለት። ቻርልስ ግሮስና ባልደረቦቹ በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በጦጣ ቴምፖራል ሎብ ውስጥ ከሌሎች ቅርጾች ይልቅ ለጦጣ እጅ ምስል ይበልጥ የሚነቃ ሴል ማግኘታቸውን ገለጹ። በ1997 ደግሞ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በኤም.አር.አይ. ምርመራ በሰው አንጎል ፊውሲፎርም እጥፋት ላይ ለፊት በተለየ ሁኔታ ምላሽ የሚሰጥ ሥፍራ አመለከቱ።

በሰው ላይ እስከ አንድ ሴል ድረስ ዘልቆ መመልከት የተቻለው በሕሙማን ፈቃደኝነት ነው። መድኃኒት ያልገታው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የበሽታው መነሻ እንዲታወቅ ኤሌክትሮድ በአንጎላቸው ውስጥ ይገባላቸዋል። ሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋ፣ ይስሐቅ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው በ2005 እንዳስታወቁት፣ በአንድ ታማሚ ሂፖካምፐስ ውስጥ የነበረ ሴል ከቀረቡለት 87 ሥዕሎች መካከል በዋናነት ለተዋናይቷ ጄኒፈር አኒስተን ምስሎች ነቃ። በሌላ ታማሚ የተገኘ ሴል ደግሞ ለተዋናይቷ ሃሊ ቤሪ ፎቶግራፎች ብቻ ሳይሆን በፊደል ለተጻፈው ስሟም ምላሽ ሰጠ። ሴሉ የተከተለው የፊቷን ቅርጽ ሳይሆን ማንነቷን ነበር ማለት ነው።

ይህ ግን «ለአንድ ሰው አንድ ሴል» ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። ለአንድ ሰው የተመደበው አንድ ሴል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በጥቂት ኤሌክትሮዶችና በጥቂት ሥዕሎች የመገኘት ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሴሎች በኅብረት እንደሚሠሩ፣ አንዱ ሴልም ከአንድ በላይ ለሆነ ነገር ሊነቃ እንደሚችል ይታመናል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት በየዕለቱ ሥራችን ያገለግለናል። የአንጎልን የኋላ ክፍል የሚመግበው የደም ሥር በስትሮክ ሲዘጋ፣ በተለይም ጉዳቱ በቀኝ ወይም በሁለቱም በኩል ሲሆን፣ ታማሚው ልጁን ቢያይም ማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ቤተሰቡ «አእምሮውን ሳተ» ብሎ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት የታማሚውን የማየት ኃይል እንመርምር፤ ቀጥሎም ልጁ እንዲናገር እናድርግ። በድምፁ ካወቀው ትዝታው አለ፤ ቤተሰቡም ወደ ታማሚው ሲቀርብ አስቀድሞ ስሙን እየተናገረ እንዲገባ እንምከር።