ኢንኮድ ብለን የዲኮድ ስህተት ለምን መጣ?

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። «ሰላም» ለእኛ 3 ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 9 ባይት ይሆናል። ጽሑፍን ወደ ባይት መቀየር ኢንኮድ፣ ባይትን ወደ ጽሑፍ መመለስ ዲኮድ ይባላል።

ቀላል ይመስላል አይደል? ፓይተን 2 ላይ ግን ሁለቱም ትእዛዞች ለጽሑፍም ለባይትም ይሠሩ ነበር። በባይት የተቀመጠውን «ሰላም» ኢንኮድ አድርገው ስትሉት፣ ሳይነግራችሁ መጀመሪያ በአስኪ ዲኮድ ሊያደርገው ይሞክራል። አስኪ ያለው 128 ምልክት ብቻ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የለበትም። ስለዚህ ኢንኮድ ብላችሁ የዲኮድ ስህተት ይመጣባችኋል! በእንግሊዝኛ ብቻ የሞከረ ፕሮግራመር ይህን አያየውም፤ ፕሮግራሙ የሚቆመው አማርኛ የሚጽፍ ሰው እጅ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ነገሩን ለየው፦ ጽሑፍ ያለው ኢንኮድ፣ ባይት ያለው ዲኮድ ብቻ ነው።

ጃቫ ደግሞ «ጌትባይትስ» የሚል ስም አለው። ስሙ ምን እንደምታገኙ እንጂ በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደሆነ አይናገርም። ካልገለጻችሁለት የኮምፒውተሩን ዲፎልት ስለሚወስድ፣ ያው ፕሮግራም በሁለት ማሽን ላይ የተለያየ ባይት ሊሰጥ ይችል ነበር። ዩቲኤፍ-8 የሁሉም ዲፎልት የሆነው በ2022 በወጣው ጃቫ 18 ነው። አሁንም ቢሆን ኮድ ስትጽፉ የኢንኮዲንጉን ስም ራሳችሁ ጥቀሱ፤ አማርኛ ጽሑፋችሁ ወደ ጥያቄ ምልክት እንዳይቀየር።