በየብስ ላይ ያሉ ደሴቶች፤ ዋልያና የያቤሎው ቁራ

ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ፣ በአራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የሀገሪቱ አጥቢ እንስሳትና አዕዋፍ ናሙናዎች የተሰበሰቡበት የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። አጥቢና ወፍ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታዩበት ይህ ቤት ስለ ደሴት ለማስተማርም ያገለግላል። ደሴት በውሃ የተከበበ መሬት ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ አንድ እንስሳ ሊሻገረው በማይችለው ነገር የተከበበ መኖሪያም ለዚያ እንስሳ ደሴቱ ነው።

ዋልያ ከስሜን ተራሮች ገደላገደል በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ዙሪያውን የከበበው ሞቃት ቆላ እንደ ባሕር ሆኖበታል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ካስተዋወቀው በኋላ፣ ጠመንጃ እየበዛ፣ እርሻም ወደ ዳገቱ እየወጣ በመሄዱ፣ በ1960ዎቹ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቢገባም፣ ጥበቃው በመሻሻሉ በ2017 ወጣ። በ2020 ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን የዋልያ ቁጥር እንደገና ቀንሷል።

ከስሜን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ፣ አመድማ ላባ ያለው፣ በዓይኑም ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ የሚታይበት የቁራ ወገን ይኖራል። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 በኢጣሊያዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ነው። ክንፍ እያለው፣ ግራርና ሣርም ከድንበሩ ማዶ እያለለት፣ ወደዚያ አለመሻገሩ ለረዥም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወፉ የሚኖርበት ቦታ በዙሪያው ካለው ምድር ቀዝቀዝ ያለ ነው። እንግዲህ የእርሱም ባሕር ሙቀት ነው።

ሁለቱ በመኖሪያቸው ቢመሳሰሉም መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ዋልያን አዳኝና እርሻ ስላጠቁት፣ ሕግና ጠባቂ ሲጠናከሩ ቁጥሩ አድጓል። ወፉ ግን ምግቡን የሚለቅመው የቦረና ከብቶች በጋጡት አጭር ሣር ላይ ስለሆነ፣ አርብቶ አደሩን ከመሬቱ ማራቅ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። የዓለም ሙቀት ሲጨምርም ደሴቱ ይጠባል፤ ይህንን ባሕር አጥር አያግደውም።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ጥበቃን ከመወሰኑ በፊት የእያንዳንዱን እንስሳ ባሕር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። መምህሩም ተማሪዎቹን፣ «ይህን እንስሳ የከበበው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጃቸዋል።