ስሟ ቁጥር የሆነ ቡና

እኔ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ነኝ። በባንክ መስኮት በኩል ቁጥር የሰውን ስም ሲተካ ማየት ለምጃለሁ። የቡ ላይ ግን ቁጥር የዛፍ ስም ሆኖ ሰማሁት።

ከጅማ ወደ አጋሮ አቅጣጫ በምትገኘው በዚህች የቡና ከተማ ዳርቻ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸውን እያሳዩኝ «ይቺ ሰባ አራት መቶ ዐሥር ናት» አሉኝ፤ ልጃቸውን የሚያስተዋውቁ ያህል።

«በምን ለዩአት አባቴ?»

«ቅርንጫፏ የተሰበሰበ፣ ቅጠሏ ደቃቅ ነው፣ ልጄ።»

ስሙ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ፍሬው ሳይበስል እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። በጅማ መልኮ የነበሩ ተመራማሪዎች መፍትሔውን ከራሱ ከቡናው ፈለጉ፤ በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የተገኙትን እናት ዛፎች እየመረጡ ቁጥር ሰጧቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው፤ ቀሪው የእናቲቱ ዛፍ ተራ ቁጥር። 741 ከጌራ፣ 74110 እና 74112 ደግሞ ከኢሉባቦር፣ ከመቱ ቢሻሪ የመጡ ናቸው። ዓመቱ አብዮት የፈነዳበት ዓመት ነው። አገር ስለ ዙፋን ሲነጋገር፣ ጥቂት ሰዎች ዛፍ ይቆጥሩ ነበር።

የጌሻ ዕጣ ሌላ ሆነ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ተወስዳ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ገባች፤ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አሸንፋ ዓለም ዐወቃት። ባዕዳን ስሟን ከጃፓን ጌይሻ ጋር አምታተው ቢጽፉትም፣ የትውልድ ስፍራዋ ስም አብሯት ተጓዘ። ቢሻሪን ግን ከባለሙያ በቀር ማን ያውቃታል?

ቁጥር ያወጡትን አልወቅስም፤ ማሳውን ያዳኑት እነርሱ ናቸው። ኋላም ለዲቃላ ዝርያዎቻቸው «አባ ቡና»፣ «ጋዌ» እያሉ ስም አውጥተዋል። የቀደሙት ግን በቁጥራቸው ቀሩ።

ከመለያየታችን በፊት አዛውንቱን ችግኟ ከየት እንደ መጣች ጠየቅኋቸው። «ከመልኮ» አሉ። ከዚያስ በፊት? ዝም አሉ። እናቲቱ የበቀለችበትን ስፍራ ነገርኳቸው። «ቢሻሪ… ቢሻሪ…» እያሉ ደጋግመው ጠሩት። ከዚያም ወደ ዛፏ ዞር ብለው፣

«ለካ አገር አላት!» አሉ።