ሩቅ ያለ ሰርቨር ጠባቂው ሲፈዝ፦ ማሽኑን ሳያጠፉ መቆጣጠሪያውን ማስነሳት

የገዳሪፍ ግዛቷ ፋው ከካርቱምና ከዋድ መዳኒ ወደ ምሥራቅ ሱዳን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መዳኒ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ፣ ከዚህ ወገን ወደ ካርቱም መጓዝ አዳጋች ሆነ። በጥር መጨረሻ ደግሞ የሱዳኒ፣ የኤምቲኤን እና የዘይን ኔትወርኮች ተቋረጡ። የዘርፉ ምንጮች ኃይሉ በካርቱም የሚገኙ የዳታ ማዕከላትን መቆጣጠሩን ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ፣ ከኃይሉ ወገን ግን ይህ ተስተባብሏል።

ባለሙያ ሊደርስበት የማይችል ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር የሚጠበቀው በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቢኤምሲ ይባላል፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ ደግሞ አይሎ ይሉታል። የራሱ ፕሮሰሰርና የኔትወርክ አድራሻ አለው። ሰርቨሩ ጠፍቶ እንኳ፣ ገመዱ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይሠራል፤ ሙቀት ይለካል፣ ማሽኑንም ከሩቅ ያበራል፣ ያጠፋል።

ችግሩ እርሱም ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ለወራት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቆይቶ ሊፈዝ ይችላል፤ ገጹ አይከፈትም፣ የይለፍ ቃል አይቀበልም። ያን ጊዜ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም። አይፒኤምአይቱል በተባለው ነፃ መሣሪያ የሚጻፈው ትዕዛዝ ሲነበብ «አይፒኤምአይቱል ኤምሲ ሪሴት ኮልድ» ነው። በዴል ማሽኖች «ራካድም ራክሪሴት» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ዳግም የሚነሳው መቆጣጠሪያው ብቻ ስለሆነ በሰርቨሩ ላይ ያለው አገልግሎት አይቋረጥም። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይል ሊጮኹ ይችላሉ፤ ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም። «ኮልድ» የተባለውም ቅንብሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታ ከመመለስ ጋር መምታታት የለበትም።

ትዕዛዙ በየት በኩል እንደሚገባ ግን ወሳኝ ነው። መቆጣጠሪያው በኔትወርክ የሚመልስ ከሆነ ከሩቅ በቀጥታ ይላካል። ካልመለሰ ባለሙያው በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ገብቶ ከውስጥ ያዘዋል፤ መልእክቱ በማዘርቦርዱ በኩል ይደርሳል። ሰርቨሩም መቆጣጠሪያውም አብረው ከፈዘዙ የሚቀረው በአካል ሄዶ የኤሌክትሪክ ገመዱን መንቀልና መልሶ መሰካት ነው።

ይህን በር ለሁሉም ክፍት መተው አደገኛ ነው። በ1998 እአአ ኢንቴል፣ ኤችፒ፣ ዴል እና ኤንኢሲ ያወጡት የአይፒኤምአይ ደረጃ ሁለተኛ ትውልድ፣ ገና ማንነቱ ላልተረጋገጠ ጠያቂ ከይለፍ ቃሉ የተሰላ ምሥጢራዊ ኮድ ይልካል። አጥቂ ኮዱን ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሉን እስኪያገኝ ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከኢንተርኔት ተለይቶ በቪፒኤን ብቻ መደረስ ይኖርበታል።

ኤሌክትሪክ የተቋረጠበትን ወይም በሌላ እጅ የገባን ክፍል ግን የትኛውም ትዕዛዝ አያስነሳውም። በ2016ቱ መቋረጥ ሱዳኒ አገልግሎቱን በከፊል የመለሰው ከፖርት ሱዳን ነበር።