ፍል ውሃና እንግዳው፦ ከፊንፊኔ እስከ ዋንዛዬ

ከጉና ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ መሐንዲስ፣ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ምድር አንድ ታላቅ የውሃ መክፈያ ሆኖ ይታየዋል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ሲልክ፣ የስማዳና የታች ጋይንት ወንዞች ደግሞ በበሽሎ ገደልና በሌሎች ሸለቆዎች አልፈው ዓባይን ይቀላቀላሉ። ከእስቴና ከፋርታ ደጋ የሚወርደው ጉማራ ወደ ጣና ሳይደርስ በደራ ወረዳ ያልፋል፤ የዋንዛዬ ፍል ውሃም የሚገኘው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው።

ወደ ዋንዛዬ የሚሄደው ሰው ከጥንት ጀምሮ አመጣጡ ለሽርሽር ሳይሆን ለፈውስ ነው። ስንቁን ቋጥሮ፣ ሕመምተኛውን ደግፎ ይመጣል፤ ቀናት ቆጥሮ ታጥቦ ይመለሳል።

ፍል ውሃ እንግዳ ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ የአዲስ አበባን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ፊንፊኔ በአካባቢው ነዋሪ በኦሮሞው ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ምንጭ ነበር። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን በእንጦጦ ያደረጉት ምኒልክና መኳንንቱ፣ ከተራራው ብርድ እየወረዱ ይታጠቡበት ጀመር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በአካባቢው ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ጊዜያዊ የነበረው ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሆነ። ምንጩ ከተማን ወለደ፤ ከተማው ግን በምንጩ ላይ ተደራረበበት። በራሱ ጊዜ ከመሬት ይፈልቅ የነበረው ውሃ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለሙያ ባልደረቦቻችን ማስረዳት አያዳግትም። ዋንዛዬ የጉና እሳት ትራፊ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉና ከተፈጠረ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነው እሳቱ ከበረደ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ምድር የፍል ውሃ የተለመደ አፈጣጠር ሌላ ነው። የዝናብ ውሃ በዓለት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ጥልቀት የምድር ሙቀት በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጨምር ውሃው ይሞቃል፤ ከዚያም በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ ፍል ውሃ ማለት ከምድር በታች ያለ ጠባብ መንገድ ነው። ያለ ጥናት የተቆፈረ መሠረት ወይም ጉድጓድ ያንን መንገድ ሊያዛባው ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተዛባውን መመለስ ደግሞ ከሙያችን አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ዋንዛዬን ለጎብኚ ማመቻቸት የሚጀመረው ከሆቴል ሕንጻ ሳይሆን ከመለኪያ ነው። የውሃው መጠንና ሙቀት በበጋም በክረምትም ቢያንስ አንድ ዓመት መመዝገብ፣ የምንጩም ክልል ተለይቶ መከበር አለበት። መጸዳጃ ቤቱ ከምንጩ በታችና ርቆ፣ የታጠቡበት ውሃ መውረጃም ለብቻው መሠራት ይገባዋል። ጉማራ በክረምት ሞልቶ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቅ ወንዝ ስለሆነ የዳር መከላከያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ዋናው መከላከያ የሚሠራው በላይ በእስቴና በፋርታ ቁልቁለት ነው፤ በዚያ እርከን ካልተሠራ፣ ዛፍም ካልተተከለ፣ የታችኛው ግድግዳ በደለል ይረታል።

ከሐሙሲት በአንበሳሜ አድርጎ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚዘልቀው መንገድ ለአካባቢው እንግዳ ማምጣቱ አይቀርም። መምጣቱም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ባለመኪናው እንግዳ ሲመጣ፣ ስንቁን በአገልግል ይዞ በእግሩ የሚመጣው ሕመምተኛ ከደጅ እንዳይቀር ፕላኑን የሚነድፈው ባለሙያ አስቀድሞ ያስብበት። ምንጩን እስከ ዛሬ ያቆየው እርሱ ነውና።