አክራም ካን

አክራም ካን ጁላይ 29 ቀን 1974 በለንደን ዊምብልደን ሰፈር ከባንግላዴሽ ከመጡ ወላጆች የተወለደ ብሪታንያዊ ዳንሰኛና ኮሪዮግራፈር፣ ማለትም የዳንስ ድርሰት አቀናባሪ ነው (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ካታክ በተባለው የሰሜን ሕንድ ክላሲካል ውዝዋዜና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ባደገው ኮንቴምፖራሪ ዳንስ የሠለጠነ ሲሆን፣ በሁለት ባህሎች መካከል ያደገ ሰው ቅይጥ ማንነት በሰውነት እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚገለጽ ከመረመሩት የዘመኑ ከያንያን መካከል በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል።

ካን በተመልካቾች ዘንድ ብዙውን ጊዜ «ምሥራቅንና ምዕራብን ያዋሃደ» ተብሎ ይወደሳል፤ ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ላጤነ ሰው ግን ይህ ውዳሴ ጉዳዩን እጅግ ያቀለዋል። በዋና ዋና ሥራዎቹ ውስጥ ሁለቱ የዳንስ ስልቶች ተስማምተው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንዱ ሌላውን ያቋርጠዋል፣ ይቃወመዋል፣ አንዳንዴም አፍ ያስይዘዋል። ካን ራሱም የእንቅስቃሴ ስልቱ በዕቅድ የተቀመመ ሳይሆን ሰውነቱ ሁለት ተጻራሪ ትእዛዞችን በአንድነት ለመፈጸም ሲሞክር ግራ ከመጋባቱ የተገኘ መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ልጅነትና ሥልጠና

የካን ወላጆች ወደ ብሪታንያ የሄዱት ከዳካ ሲሆን፣ ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ተለይታ ነፃ አገር የሆነችው እርሱ ከመወለዱ ሦስት ዓመት በፊት በ1971 ነበር። የቋንቋ መብት ጥያቄ ለነፃነት ትግሉ አንዱ መነሻ በመሆኑ ለዚያ ትውልድ የቤንጋልኛ ቋንቋና ባህል በቀላሉ የሚተው ነገር አልነበረም፤ እናቱም ገና በሕፃንነቱ የቤንጋልን የገጠር ውዝዋዜ አስተማረችው። ልጁ ከቤት ውጭ የማይክል ጃክሰንን ጭፈራ እየቀዳ ሲያድግ፣ በሰባት ዓመቱ ደግሞ በለንደን ይኖር ከነበረው የካታክ መምህር ከፕራታፕ ፓዋር ዘንድ ትምህርት ጀመረ።

ካታክ መነሻው የአማልክትንና የጀግኖችን ታሪክ በዜማና በእጅ ምልክት ይተርኩ ከነበሩ ተራኪዎች ሲሆን፣ በኋላ በሙጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥትና እንደ ላክናውና ጃይፑር ባሉ ከተሞች በነበሩ የመሳፍንት ግቢዎች ተኮትኩቶ ያደገ ጥበብ ነው። የሂንዱ አፈ ታሪክና የሙስሊም ገዥዎች የቤተ መንግሥት ወግ አብረው ስለቀረጹት እርሱ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ቅይጥ ነው፤ ካንን ንጹሕ የሆነን ትውፊት ከባዕድ ጋር ቀላቀለ ብሎ የሚወቅስ ሰው ቢኖር ይህን ማስታወስ ይኖርበታል። ዳንሰኛው አከርካሪውን አቅንቶ ይቆምና በውስጥ እግሩ ወለሉን እየደበደበ የተወሳሰበ ምት ያሰማል፤ በየቁርጭምጭሚቱ የሚታሰሩት፣ ለአንድ እግር ብቻ መቶና ከዚያ በላይ የሚደርሱት ጉንግሩ የተባሉ ትናንሽ ቃጭሎችም እያንዳንዱን ምት ያጎላሉ። ምቶቹ የሚሄዱት በተወሰነ ዑደት ሲሆን፣ ለምሳሌ ቲንታል የተባለው ዑደት 16 ምት አለው፤ ዳንሰኛው እንደ እንዝርት ሲሾር ቆይቶ ዑደቱ እንደገና በሚጀምርበት ምት ላይ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከፍጥነት ወደ ፍጹም እርጋታ የሚደረገው ይህ ቅጽበታዊ ሽግግር ካን በየትኛውም ሥራው ያልተለየው መታወቂያው ነው።

በ13 ዓመቱ ታዋቂው እንግሊዛዊ አዘጋጅ ፒተር ብሩክ «ማሃባራታ» ለተሰኘው ቴአትሩ መረጠው፤ እስከ 1989 ድረስም ከቡድኑ ጋር በልዩ ልዩ አገሮች ተዘዋወረ። ዣን-ክሎድ ካርየር ከጥንታዊው የሕንድ ታላቅ ተረክ የጻፈው ይህ ተውኔት በ1985 በአቪኞን ሲቀርብ ዘጠኝ ሰዓት ያህል የፈጀና ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተዋንያንን ያሰለፈ ነበር። እንደ ሩስቶም ባሩቻ ያሉ ሕንዳውያን ሃያስያን ግን ተረኩ ከሃይማኖታዊና ከታሪካዊ አፈሩ ተነቅሎ ለምዕራባውያን ተመልካች ተመቻችቷል ሲሉ በብርቱ ነቅፈውታል። የባህሎች ግንኙነት በማን መሪነትና በማን ጥቅም ይካሄዳል የሚለው ይህ ክርክር ዋነኛ መፋለሚያው ባደረገው መድረክ ላይ ካን በልጅነቱ መቆሙ አስገራሚ ግጥጥሞሽ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ወደ ማሃባራታ ሲመለስ ትኩረቱን ያደረገው በተረኩ ጥግ በቀሩ ሴቶች ላይ ነበር፤ «ኖሲስ» ለዓይነ ስውሩ ባሏ ስትል የገዛ ዓይኗን በጨርቅ የሸፈነችውን ንግሥት ጋንዳሪን ሲያነሣ፣ በ2016 የቀረበውና ከካርቲካ ናይር የግጥም መጽሐፍ የተወሰደው «አንቲል ዘ ላየንስ» ደግሞ ተጠልፋ ከተጣለች በኋላ ለበቀል ዳግም የምትወለደውን ልዕልት አምባን ባለታሪክ አድርጓል።

ኮንቴምፖራሪ ዳንስን በሥርዓት የተማረው በሌስተር በሚገኘው በዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በሊድስ በሚገኘው የኮንቴምፖራሪ ዳንስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በብራስልስም ከቤልጂጋዊቷ አቀናባሪ ከአን ተሬሳ ደ ኬርስማከር ጋር ሠርቷል። ይህ የዳንስ ዘርፍ እንደ ካታክ አንድ የተወሰነ የእርምጃ መዝገብ የለውም፤ ይልቁንም ዳንሰኛው ክብደቱን ለመሬት ስበት እንዲለቅ፣ እንዲወድቅ፣ በወለል ላይ እንዲንከባለልና ደረቱን እንዲያጥፍ ያስተምራል። ቀጥ ብሎ ለመቆም ከ10 ዓመት በላይ የተገራ አከርካሪ አሁን እንዲላላ ሲታዘዝ ከሁለቱም የማይመደብ እንቅስቃሴ ፈጠረ፦ ክንድ በካታክ ፍጥነትና ጥራት ይወረወራል፣ ጉልበትና ወገብ ግን ከሥሩ ይከዱታል።

ከ«ራሽ» እስከ «ዜሮ ዲግሪስ»

ካን በ2000 ከፕሮዲዩሰር ፋሩክ ቾድሪ ጋር የራሱን የዳንስ ቡድን አቋቋመ። በዚያው ዓመት የቀረበውና ለሦስት ዳንሰኞች የተዘጋጀው «ራሽ» በዘጠኝ ተኩል ምት ዑደት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ2002 የተከተለው «ካሽ» የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያውን የአኒሽ ካፑርን የመድረክ ንድፍና የኒቲን ሶውኒን ሙዚቃ አካትቷል። እነዚህ ቀደምት ሥራዎች በአብዛኛው ረቂቅ ናቸው፤ ታሪክ አይተርኩም፣ ቃጭልም ሆነ ባህላዊ አልባሳት አያሳዩም፣ ካታክ የሚገኝባቸው በምት ስሌቱና በአቋቋሙ ውስጥ ተሰውሮ ነው። ካን ከዚህ ጎን ለጎን ባህላዊውን የካታክ ትርኢት ከነሙዚቀኞቹ ማቅረቡን አላቋረጠም፤ ይህ ልማዱ ቅይጥ ስልቱ ከመሠረቱ ርቆ ባዶ ቅርጽ እንዳይሆን የጠበቀው ይመስላል።

የማንነት ጥያቄ በግልጽ ወደ መድረክ የወጣው በጁላይ 2005 በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር በታየው «ዜሮ ዲግሪስ» ነው። የካን አጋር ሲዲ ላርቢ ሸርካዊ ከሞሮኳዊ አባትና ከፍሌሚሽ እናት በአንትወርፕ የተወለደ ቤልጂጋዊ ነው፤ ሁለቱም የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች፣ ሁለቱም በአውሮፓ ያደጉ፣ በዳንስ አካሄዳቸው ግን ፍጹም የማይመሳሰሉ ናቸው። ሥራው የተመሠረተው ካን ከባንግላዴሽ ወደ ሕንድ ባደረገው ጉዞ ላይ ሲሆን፣ በድንበር ጠባቂዎች እጅ ፓስፖርቱ ከእርሱ ሲርቅ የተሰማውን ፍርሃትና በባቡር ውስጥ አስከሬን አይቶ ሊረዳ ያልቻለበትን ሁኔታ ይተርካል። ሁለቱ ዳንሰኞች ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ተቀምጠው ይህን ታሪክ በአንድ ድምፅ ያወራሉ፤ ቃሉ ብቻ ሳይሆን የእጅ ውርወራው፣ የንግግር መንተባተቡ ሳይቀር አንድ ነው። የአንድ ሰው የግል ትዝታ በሁለት ሰውነት ሲነገር ተመልካቹ ታሪኩ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው አንቶኒ ጎርምሊ ደግሞ ከሁለቱ ዳንሰኞች ሰውነት ላይ ቀድቶ ሁለት ነጫጭ አሻንጉሊቶች ሠርቶላቸዋል፤ ዳንሰኞቹ ያቅፏቸዋል፣ ይመቷቸዋል፣ ያነጋግሯቸዋል። ወረቀት የሌለው ሰው ለድንበር ጠባቂ ምን እንደሆነ ከዚህ ነጭ ግዑዝ አካል በተሻለ ያሳየ የመድረክ ዕቃ ማግኘት ያዳግታል።

በዚሁ ዓመት ካን ለዳንስ ላበረከተው አገልግሎት የብሪታንያ መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከባሌሪና ሲልቪ ጊየም፣ ከተዋናይት ዡልየት ቢኖሽና ከፍላሜንኮ ዳንሰኛው ኢስራኤል ጋልቫን ጋር የጥንድ ሥራዎችን አቅርቧል፤ ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከዳንሱ ይልቅ በስሞቹ ታላቅነት ይታወሳሉ።

«ዴሽ»

በ2011 በሌስተር ከርቭ ቴአትር የቀረበውና ርእሱ በቤንጋልኛ አገር ማለት የሆነው «ዴሽ» ካን ብቻውን የሚሠራው የ80 ደቂቃ ትርኢት ሲሆን፣ የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ ተደርጎ ሊቆጠር የሚችል ነው። የመድረኩን ንድፍ ያወጣው በሲኒማ ሥራው የኦስካር ተሸላሚ የሆነው ቲም ዪፕ፣ ሙዚቃውን የደረሰችው ጆስሊን ፑክ ናቸው። ትርኢቱ ሲከፈት ካን በትልቅ መዶሻ መሬቱን ይደበድባል፤ ቀጥሎ በዳካ አውራ ጎዳና የተሽከርካሪና የሰው ትርምስ ውስጥ በእንቅስቃሴ ብቻ መንገድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በስልክ ከሩቅ አገር የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ለአንዲት ትንሽ ልጅም በሰንደርባንስ ደን ስለሚገኝ ማር የሚተርክ ተረት በተንቀሳቃሽ ሥዕሎች መካከል እየተንሸራሸረ ያጫውታታል። ዴሞክራሲን በመጠየቅ መፈክር በሰውነቱ ላይ ጽፎ በ1987 በዳካ ሰልፍ የተገደለው የኑር ሆሴን መታሰቢያም በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ትርኢቱ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ግን በአባትየው ምስል ነው። ካን የተላጨ አናቱ ላይ ዓይንና አፍ ሥሎ፣ አንገቱን ሲደፋ ሌላ አጭር ሽማግሌ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ቀና ሲል እንደገና ልጅዬው ይሆናል። አባት ልጁ አገሩን እንዲያውቅ ይጠይቃል፣ ልጅ ለንደን እንጂ ሌላ አገር እንደሌለው ይመልሳል፤ ክርክሩን የሚያካሂዱት አንድ አከርካሪ የሚጋሩ ሁለት ፊቶች ናቸው። የስደተኛ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚያደርጉት ሙግት በልቦለድና በፊልም ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እዚህ ግን ተሟጋቾቹ መለያየት እንደማይችሉ ሰውነቱ ራሱ ያረጋግጣል፣ ይህም ዳንስ ከሌሎች ጥበባት በላይ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። «ዴሽ» በ2012 የብሪታንያን የኦሊቪየር ሽልማት አግኝቷል።

ካን በጃንዋሪ 2012 የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ለወራት ከመድረክ ቢርቅም፣ በጁላይ 27 ቀን በዳኒ ቦይል በተመራው የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ኤሜሊ ሳንዴ መዝሙር ስታሰማ ከ50 ዳንሰኞች ጋር ስለ ሞትና ስለ መታሰቢያ የሚናገር ዳንስ አቀረበ። የአሜሪካው የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ይህን ክፍል ቆርጦ በምትኩ ከአንድ ዋናተኛ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ በማሳየቱ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል።

ከራስ ወደ ሌሎች ስደተኞች

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ካን ከግል ታሪኩ ርቆ በሌሎች መፈናቀል ላይ አተኩሯል። ታማራ ሮሆ ትመራው ለነበረው ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት በ2016 በማንቸስተር ያቀረበው «ጂዜል» በ1841 በፓሪስ የታየውን የፍቅር ባሌት እንደገና የጻፈ ነው። በቀድሞው ባሌት የገጠር ልጃገረድ የነበረችው ጂዜል እዚህ ከተዘጋ የልብስ ፋብሪካ የተባረሩ ስደተኛ ሠራተኞች ማኅበር አባል ናት፤ ሠራተኞቹን ከባለጸጎች የሚለይ ግዙፍ ግድግዳም በመድረኩ ላይ ቆሟል። የቪንቼንዞ ላማኛ ሙዚቃ የአዶልፍ አዳምን ነባር ዜማ ከማሽን ድምፅ ጋር ያፋጫል። ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚወጡት የሞቱ ሴቶች መናፍስት በፋብሪካ ውስጥ ያለቁ ሠራተኞች በመሆናቸው፣ በ2013 በዳካ አቅራቢያ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች የገደለውን የራና ፕላዛን ሕንፃ ለሚያስታውስ ተመልካች ትርኢቱ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

በ2018 በአቴንስ የቀረበው «ዜኖስ» የካን የመጨረሻው ረጅም የብቻ ትርኢት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከ1 ሚሊዮን በላይ ወታደሮችና የጉልበት ሠራተኞች ለብሪታንያ ዘውድ ባሕር ተሻግረው ያገለገሉ ሲሆን፣ ትርኢቱ ከእነርሱ አንዱ የሆነን ዳንሰኛ ወታደር ይከተላል። ሠርግ በሚመስል የካታክ ግብዣ ይጀመርና በድንገት ወንበሩ፣ ትራሱ፣ ገመዱ ሁሉ ወደ ኋላ እየተጎተተ በገደል ላይ ይጠፋል፤ ገደሉ የጦር ምሽግ ሆኖ ይቀራል። ካታክን ለዘመናት ያደመቁት ቃጭሎች በዚህ ትርኢት ከእግር ተፈትተው በደረት ላይ ሲሻገሩ የጥይት ቀበቶ፣ እጅ ላይ ሲጠመጠሙ ደግሞ የእስረኛ ሰንሰለት ይመስላሉ። ሥራው ለካን በ2019 ሌላ የኦሊቪየር ሽልማት አስገኝቶለታል።

የጥናት ክርክር

ካን ከዳንስ መድረክ ውጭም የምርምር ርእስ ሆኗል። ሕንዳዊው ምሁር ሆሚ ባባ በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ቅይጥነት የሁለት ነገሮች ድምር ሳይሆን ገዥና ተገዥ የነበሩ ባህሎች የሚደራደሩበት ሦስተኛ ስፍራ ነው ያለው ሐሳብ ለካን ሥራዎች ትንተና በሰፊው ውሏል። የዳንስ ተመራማሪዋ ሮዮና ሚትራ በበኩሏ በ2015 ስለ ካን ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እንደ ብሩክ ያሉ ምዕራባውያን አዘጋጆች የሌሎችን ባህል ከውጭ ሆነው ሲያቀናብሩ ካን ግን ልዩነቱን በገዛ ሰውነቱ ተሸክሞ ከውስጥ እንደሚጀምር ትከራከራለች። ክርክሯ በ«ዜሮ ዲግሪስ» እና በ«ዴሽ» ላይ እጅግ ያሳምናል፤ ካን በማይደንስባቸው ትላልቅ የቡድን ሥራዎች ላይ ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም በእነርሱ ውስጥ ልዩነቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በአቀናባሪውና ከብዙ አገሮች በሚመጡ ዳንሰኞቹ መካከል ይሆናል። በ2024 ያቀረበው «ጊጌኒስ» ደግሞ በሕንድ ክላሲካል ጥበባት የሠለጠኑ ከያንያንን ሰብስቦ ዳግም ከማሃባራታ የተነሣ በመሆኑ፣ ካን በቅይጥ ሥራዎቹ ውስጥ ሰውሮት የቆየውን የክላሲካል ሥርዓት ወደ መድረኩ መሃል መልሶታል።